ለ24 ቀን የመርከብ ጉዞ የ8 ቀን ልብስ

«ልጄ፣ ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 63 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጆቼ ለእኔና ለአባታቸው የመርከብ ጉዞ ገዝተውልናል። ፋሲካን ቤታችን ውለን በሳምንቱ ከፎርት ላውደርዴል፣ ፍሎሪዳ እንነሳለን። አትላንቲክን ተሻግረን ባርሴሎና እስክንደርስ 14 ሌሊት ነው። ከዚያ በዚያው መርከብ ሌላ 10 ሌሊት ሜዲትራኒያንን ዞረን ሮም እንወርዳለን። ወደ ቤት የምንመለሰው በአውሮፕላን ነው። ትልቋ ልጄ ‹ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሻንጣ ብቻ› ብላ ቁርጥ አደረገች። የ24 ቀን ልብስ እንዴት አንድ ሻንጣ ይበቃዋል? መርከቡ ላይ ተሳፋሪ ራሱ የሚያጥብበት ማሽን የለም፤ ልብስ ለሠራተኛ ይሰጣል አሉኝ። እኔ የውስጥ ልብሴን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ደግሞ አንድ ቀሚስ እየደጋገምኩ እራት ላይ መቅረብ ይከብደኛል። የሀበሻ ልብሴንም ትቼ መሄድ አልፈልግም። ካውያ ልያዝ? ምን ትመክሪኛለሽ?»

ውድ እናታችን፣

እንኳን ደስ አለዎት። እንዲህ የሚያስቡ ልጆች ማሳደግ መታደል ነው።

ልጅዎ ልክ ናት፤ አንድ ሻንጣ ይበቃል። እርስዎም ልክ ነዎት፤ የውስጥ ልብስዎን ለማንም መስጠት የለብዎትም። የሁለታችሁም ሐሳብ አብሮ ይሄዳል። የ24 ቀን ልብስ አይያዙ። የ8 ቀን ይያዙና ሦስት ጊዜ ይልበሱት። ትንሹን ልብስ በእጅዎ እያጠቡ፣ ትልቁን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ለላውንደሪ ይሰጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ግን እንዴት እንደሚሆን በደንብ ልንገርዎት፤ ምክንያቱም እኔ ሳላውቀው ገብቼበት ብዙ ተቸግሬያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ በዚሁ መንገድ አትላንቲክን ተሻግሬያለሁ። ሁለት ሴቶች ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዘን ሄድን። ቁምሳጥኑ ጠባብ ነበር። ግማሹ ልብስ ከሻንጣ ሳይወጣ ተመልሶ ቤት ገባ። እናቴ ግን በሦስተኛው ቀን የእጅ መታጠቢያውን ሞላች፣ ሳሙና ጠየቀችኝ፣ የሁለታችንንም ካልሲና የውስጥ ልብስ አጥባ አሰጣች። «ይሄን ሁሉ ልብስ ለምን ተሸከምን?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሻንጣ አልጋ ሥር ተኛ። እርስዎም ልብስ በሳፋ አጥበው ልጅ ያሳደጉ ሰው ነዎት ብዬ እገምታለሁ። ሙያው እጅዎ ላይ አለ። የሚለየው ቦታው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የካውያውን ጉዳይ እንጨርስ። አይያዙ። ሻንጣችሁ መርከቡ ላይ ከመጫኑ በፊት እንደ ኤርፖርቱ በማሽን ይፈተሻል። ካውያ ከተገኘ ይወሰድና ጉዞው ሲያልቅ ይመለሳል። በእንፋሎት የሚሠራው የልብስ መተኮሻም ያው ነው። ሻማም፣ ቡና ማፍያ የኤሌክትሪክ ምድጃም አይገባም። ጀበናዎትን የመያዝ ሐሳብ ከነበረዎት እሱንም ቤት ይተዉት። ይህ ሁሉ እሳት ስለሚፈራ ነው። ባሕር መሀል የእሳት አደጋ መኪና አይመጣም፤ ስለዚህ ደንቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። የተጨማደደ ልብስ ካለ፣ በሙቅ ውሃ ገላዎን ሲታጠቡ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በማንጠልጠያ ይስቀሉት። ከዚያ ገና እርጥበት እያለው በእጅዎ ወደ ታች ሳብ ሳብ ያድርጉት። ባልዎ የሚለብሱት ሸሚዝ ግድ መተኮስ ካለበት መርከቡ በክፍያ ይተኩሳል።

አሁን ወደ እጥበቱ።

ሳሙና ከቤት ይያዙ። ፈሳሽና ዱቄት አይምረጡ። ፈሳሹ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል፣ በእጅ ቦርሳ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያስገቡትም። ዱቄቱ ይበተናል። ደረቅ የልብስ ሳሙና፣ ያ በልጅነታችን የምናውቀው ድፍን ሳሙና፣ ከሁሉም ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ የሜክሲኮ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች ይገኛል። አንዱን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ብቻ ቢይዙ ለ24 ቀን ይተርፋል። የመርከቡ ውሃ አብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ ጨው የወጣለት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ሳሙና ቶሎ አረፋ ይሠራል። ሳሙና ካበዙ ማለቅለቁ ያደክምዎታል።

በየሁለት ቀኑ ማታ ይጠቡ። ሲከማች ነው የሚከብደው። የእጅ መታጠቢያው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ዕቃ በላይ አይችልም። ለእራት ስትወጡ ዘፍዝፈውት ይሂዱ፤ ሲመለሱ አሸት አሸት አድርገው ሁለቴ ያለቅልቁት። ከዚያ ዋናው ዘዴ ይመጣል። ጠምዝዘው ብቻ እንዳይሰቅሉት። ደረቅ ፎጣ አልጋው ላይ ያንጥፉ፣ እርጥቡን ልብስ በላዩ ዘርግተው እንደ ሰሌን ይጠቅልሉት። ጥቅሉን ወለል ላይ አድርገው በባዶ እግርዎ ይቁሙበት። ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል። በዚህ መንገድ የተጨመቀ ስስ ልብስ ጠዋት ደርቆ ያገኙታል። ፎጣውን ክፍላችሁን የሚያጸዳው ሠራተኛ ይቀይርላችኋል።

የታጠበው የት ይሰቀላል? በብዙ መርከቦች ሻወሩ ውስጥ ከግድግዳ የሚሳብ ቀጭን ገመድ አለ። እሱ ላይ ይጀምሩ። መታጠቢያ ክፍሉ አየር የሚስብ ማራገቢያ ስላለው በሩን ገርበብ አድርገው ቢተዉት ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የመርከብ ክፍል ግድግዳ በአብዛኛው ብረት ነው። ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ መንጠቆ ስድስት ያህል ይዘው ቢሄዱ ግድግዳው ላይ ጥብቅ ይልልዎታል። የታጠበ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ ሁሉም ይሰቀልበታል። ስድስት የልብስ መቆንጠጫም ይጨምሩ። ክብደት የላቸውም።

በረንዳ ካላችሁ በረንዳው ላይ እንዳያሰጡ። መርከቦቹም ይከለክላሉ። እናቴ ይህን አልሰማ ብላ ነጠላዋን አጥባ በረንዳው ወንበር ላይ ዘረጋችው። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ነጠላው የለም። ነፋስ ወስዶት አትላንቲክ ገብቷል። አያቴ ፈትላ የሰጠቻት ነበር። ዛሬም ድረስ ስታነሳው ድምፅዋ ይለወጣል። እባክዎ፣ አንዲት መሀረብ እንኳ አያውጡ። ደግሞም የባሕር አየር ጨውና እርጥበት ስላለው ልብሱ አይደርቅልዎትም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልብሱ ሲታጠብ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ነው። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ያልቃል። ቤትዎ አንድ ማታ ሙከራ ያድርጉ። ሊይዙት ያሰቡትን የውስጥ ልብስና ቲሸርት አጥበው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይስቀሉት። ጠዋት ያልደረቀ አይሂድ። ናይለንና ፖሊስተር ያለበት ስስ ጨርቅ ያልፋል። ወፍራም የጥጥ ቲሸርት አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ጂንስ ክፍል ውስጥ አይታሰብም። አንድ ጂንስ ለብሰው ይሂዱ፣ ካስፈለገ ለላውንደሪው ይስጡት።

በቁጥር ልንገርዎት፤ ምክንያቱም «ትንሽ ልብስ» ማለት ለሁላችንም የተለያየ ነው። የውስጥ ልብስ 8፣ ጡት መያዣ 3፣ ካልሲ 5። ከላይ የሚለበስ 6፣ ሱሪ 3፣ የቀን ቀሚስ 2፣ የማታ ቀሚስ 2። አንድ ሹራብ፣ አንድ ዝናብና ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት፣ ባይዋኙም አንድ የዋና ልብስ፤ ሙቅ ውሃው ገንዳ ለጉልበት ጥሩ ነው። የሌሊት ልብስ 2። ጫማ ሦስት ብቻ፤ በእግርዎ የሚሄዱበት ስኒከር፣ ነጠላ ጫማ፣ የእራት ጫማ። ሻንጣ የሚሞላው ጫማ ነውና ስኒከሩን አድርገውት ይሂዱ። ቀለሙን በአንድ ወገን ያድርጉት፤ ለምሳሌ ሱሪው ሁሉ ጥቁርና ሰማያዊ ከሆነ፣ ማናቸውም ከላይ የሚለበስ ከማናቸውም ሱሪ ጋር ይሄዳል።

የአየሩን ነገር አይርሱ። ፍሎሪዳ ሲነሱ ሙቀት ነው። ከዚያ ሰባት ቀን ያህል ውሃ ብቻ እያዩ ሊሄዱ ይችላሉ። አትላንቲክ መሀል ወዳሉት የፖርቱጋል ደሴቶች፣ ወደ አዞር፣ ሲጠጉ ነፋሱ ይበረታል፣ ብርዱም ይመጣል። በዚያ ወቅት የደሴቶቹ ከተማ ፖንታ ዴልጋዳ ላይ ቀኑ 17 እና 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ነው። ወፍራም ኮት አያስፈልግም፤ ደራርቦ መልበስ ይበቃል። ጋቢ የመያዝ ሐሳብ ካለዎት አልከለክልዎትም። የመርከቡ ሰገነት ላይ ጋቢ ተከናንቦ ባሕር ማየት ትልቅ ደስታ ነው። ግን ቦታ እንደሚፈጅ ይወቁ፤ ክፍል ውስጥ አጥበውት ደግሞ አይደርቅም።

ላውንደሪውን በተመለከተ፤ በነጠላ ዕቃ ሲከፍሉ ውድ ነው። ሸሚዝ ለብቻ፣ ሱሪ ለብቻ እየተቆጠረ ሂሳቡ ያስደነግጣል። ነገር ግን ብዙ መርከቦች በጉዞው መሀል አንድ ከረጢት ሙሉ በአንድ ዋጋ ያጥባሉ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ነው። ማስታወቂያው ወረቀት ሆኖ ክፍላችሁ ይመጣል፣ ወይም በመርከቡ የስልክ መተግበሪያ ላይ ይወጣል። ካላዩት የክፍላችሁን ሠራተኛ ይጠይቁት። የባልዎን ሱሪዎች፣ ቲሸርቶቹን፣ ጂንሱን፣ የሌሊት ልብሱን እንደ ሲጋራ ጥብቅ አድርገው እየጠቀለሉ ይሙሉት። ሲጠቀለል ሁለት እጥፍ ይይዛል። በከረጢቱ የሚገባው ሁሉ በአንድ ላይ ታጥቦ በሙቅ ማድረቂያ ይደርቃል። ስለዚህ ሱፍ፣ ሐር፣ የሀበሻ ልብስ፣ ቀለም የሚለቅ አዲስ ልብስ እንዳይገባ። አንዱን ወደ ስምንተኛው ቀን፣ ሁለተኛውን ከባርሴሎና በኋላ ይስጡ። የውስጥ ልብስዎ በእጅዎ ስለሚታጠብ ማንም አያየውም።

ወደብ ላይም ማጠብ ይቻላል። የስፔንና የጣሊያን ከተሞች ውስጥ ደንበኛው ራሱ በማሽን የሚያጥብባቸው የልብስ ማጠቢያ ቤቶች አሉ። በሁለቱም አገር «ላቫንደሪያ» ቢሉ ይገባቸዋል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ አልመክርዎትም። ባርሴሎና ደርሰው ሁለት ሰዓት ማሽን ሲዞር ከማየት፣ ያን 35 ዶላር ከፍለው ከተማውን ቢያዩ ይሻላል።

መርከባቸው ማሽን ያለው ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ለምሳሌ በካርኒቫል ወይም በፕሪንሰስ ኩባንያ መርከብ የምትሄዱ፣ ማለዳ ሂዱ። ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ረፋድ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሰዓት አንድ አንድ እያለ ወደፊት ይገፋል፤ ከፍሎሪዳ እስከ ባርሴሎና 6 ሰዓት ይሞላል። ሰዓት በተቀየረ ማግስት ሰው አርፍዶ ስለሚነሳ ማሽኖቹ ባዶ ናቸው። ልብሳችሁን ትታችሁ አትሂዱ፤ የሚቸኩል ሰው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

አሁን ልብዎን ወደነካው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ቀሚስ መደጋገም።

እናታችን፣ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሠርግ ላይ የለበስነውን ለክርስትና መድገም እንኳ ይቆጠርብናል፤ የሚቆጥር ሰው ስላለ ነው። መርከቡ ላይ ግን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። የሚያውቃችሁ የለም። በየቀኑ እራት የሚያቀርብላችሁ አስተናጋጅ ቢያስተውል እንኳ ስምዎትንና የሚወዱትን ምግብ ነው የሚያስታውሰው። ደግሞ ባርሴሎና ላይ አብዛኛው ተሳፋሪ ወርዶ ሌላ ይሳፈራል። ከ14 ሌሊት በኋላ ቀሚስዎ ለአዲሶቹ ሰዎች አዲስ ነው። እንደዚህ ባለ ጉዞ ደመቅ ተደርጎ የሚለበስባቸው ምሽቶች ከአራትና ከአምስት አይበልጡም። ሁለት የማታ ቀሚስ፣ ሁለት ሻርፕ፣ ከአንገትና ከጆሮ ጌጥ ጋር እየተቀያየረ ይበቃዎታል።

ከሁለቱ አንዱ የሀበሻ ቀሚስ ይሁን። በዚህ አልከራከርም። ጥቁርና ወርቃማ በበዛበት አዳራሽ ውስጥ ነጭ ቀሚስ ከነጥልፉ ለብሰው ሲገቡ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ በመልካም ነው የሚያየው። ሁለት ዓይነት አለ። ሽመና የሆነው ከባድና ክቡር ነው፤ ሽፎን የሆነው ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ነው። ለዚህ ጉዞ ሽፎኑ ይመቻል። ሽመናው ካልቀረ፣ መርከቡ ላይ ማጠብ የሚባል ነገር አይኑር። ለብሰው ሲመለሱ ለአንድ ሌሊት በማንጠልጠያ አየር ያግኘው። ወጥ ወይም ወይን ጠብ ካለበት ዝም ብለው አያሹት፤ ጥለቱ ቀለሙን ነጩ ላይ ይለቃል። ከሥሩ ፎጣ አድርገው፣ ነጠብጣቡን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና ጠቅ ጠቅ ያድርጉት። የቀረውን ቤትዎ ሲመለሱ ይጨርሱታል። ቀሚሱን ሲያጥፉት በስስ የስጦታ ወረቀት ውስጥ ያድርጉት፣ በንጹሕ ፌስታል ሸፍነው ከሻንጣው አናት ላይ ያኑሩት።

ነጠላ ሁለት ይያዙ። አንዱ ለቀሚሱ፣ ሌላው የዘወትር ሆኖ የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። ቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ያልተሸፈነ ሰው አያስገባም። ባርሴሎና ያለው ሳግራዳ ፋሚሊያም ጨዋ አለባበስ ይፈልጋል። ሰዎች ደጃፍ ላይ ሻርፕ ፍለጋ ሲሯሯጡ እርስዎ ነጠላዎን አጣፍተው ይገባሉ።

ለባልዎ ነገሩ አጭር ነው። አንድ ጥቁር ሱፍ ኮት፣ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ከረባት፣ አምስት የቀን ልብስ። ኮቱን አውሮፕላን ላይ ለብሰውት ይሂዱ። ሌላ አንድ ነገር፤ የእሳቸውን ሁለት ቅያሪ በእርስዎ ሻንጣ፣ የእርስዎን ሁለት ቅያሪ በእሳቸው ሻንጣ ያድርጉ። አንዱ ሻንጣ ፎርት ላውደርዴል ሳይደርስ ቢቀር መርከቡ አይጠብቅም።

ሻንጣውን ሲመዝኑ ደግሞ መመለሻውን ያስቡ። ከሮም ስትበሩ የተለመደው ገደብ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ከቤት ስትወጡ ከ17 ኪሎ በላይ አይሁን። ለልጅ ልጆች ሳይገዙ እንደማይመለሱ አውቃለሁ። መርከቡ ስትደርሱ ሻንጣውን ሠራተኞች ተቀብለው ይጭኑታል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽርና አንድ ቅያሪ ከእጅዎ አይለዩ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ልብስ አይጠቡ፤ እርጥብ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም መጥፎ ሽታ ያሲዘዋል። የሆነ ሆኖ ሁለት ትልቅ ፌስታል ይያዙ፤ እርጥብም ቆሻሻም ለብቻው ይግባ። ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ምሽት ሻንጣችሁን ዘግታችሁ ከበሩ ውጭ ታስቀምጣላችሁ፤ ሌሊት ተሰብስቦ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሻንጣው ከመውጣቱ በፊት ለጠዋት የሚለብሱትን፣ ከነጫማው፣ ከነውስጥ ልብሱ፣ ወንበር ላይ አውጥተው ያስቀምጡ። የባልዎንም እርስዎ ይቁጠሩላቸው። የእኛ ጎረቤት የነበሩ ሰውዬ ጫማቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው፣ ጠዋት በመርከቡ የክፍል ሰንደል ወደብ ሲወርዱ አይቻለሁ፤ በጣም አዝኜላቸዋለሁ።